ዳኛ ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ትንሽ ነገር ናት። ሆኖም በፍርድ ከሄደችው በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የተወሰደችው ጭብጦ ታንገበግባለች ማለታቸው ነው።

ታዲያ ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛ ከየት ይመጣል? ወንበሩ ላይ ማን ያስቀምጠዋል? የሾመውን ሰው የሚከስ ባለጉዳይ ቢመጣስ ሳይፈራ ይፈርዳል? ዛሬ የአንዲት አሜሪካዊት ዳኛን የሕይወት መንገድ እየተከተልን ይህን እንማራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የወጥ ቤት ሠራተኛው ልጅ

ወይዘሮ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ በ1921 በአሜሪካ፣ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ኔቪስ ከምትባል ትንሽ ደሴት የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። አባታቸው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበራት ምግብ ያበስሉ ነበር። ከ12 ልጆች እሳቸው ዘጠነኛዋ ናቸው። ጠበቃ መሆን ተመኙ። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን በከተማው የሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ስብሰባ ተደረገ። ጥቁሮች ወደዚህ ቤት ብዙ የማይመጡት ለምንድን ነው ተባለ። ወጣቷ ተነሥተው፣ በቤቱ አስተዳደር ውስጥ ድምፅ ስለሌለን ነው ሲሉ በግልጽ ተናገሩ። ለቤቱ ገንዘብ ያዋጣ አንድ ነጭ ነጋዴ ይህን ሰማ። በመቆጣት ፈንታ የትምህርታቸውን ወጪ ከፈለላቸው። በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ።

2. ወደ 20 ዓመት በጠበቃነት

በአሜሪካ የፌዴራል ዳኛ ለመሆን ሕገ መንግሥቱ የዕድሜም የትምህርትም ገደብ አላስቀመጠም። በልማድ ግን የሚታጨው ለብዙ ዓመት በጠበቃነት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በሌላ ፍርድ ቤት በዳኝነት የሠራ ሰው ነው።

ወይዘሮ ሞትሊ ለጥቁሮች መብት በሚሟገት ድርጅት ውስጥ ሠሩ። በዚያን ጊዜ በብዙ የደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ክሱን ካዘጋጁት ጠበቆች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ጄምስ ሜሬዲት የተባለ ጥቁር በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እንዲማርም ተሟግተው ረቱ። በ1962 ሊገባ ሲል ሁከት ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። እሱ ግን ገባ፤ ተመረቀም። ወይዘሮ ሞትሊ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሟገቱባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን አሸንፈዋል።

3. ሹመቱ

የፌዴራል ዳኛ በሦስት ደረጃ ይሾማል።

ሀ. ፕሬዚዳንቱ ሰውየውን ያጫል።
ለ. የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ዕጩውን ጠርቶ ይመረምራል።
ሐ. ሴኔቱ ድምፅ ይሰጣል። ካጸደቀው ይሾማል።

ወይዘሮ ሞትሊን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥር 1966 አጯቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን የሚሲሲፒው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ጉዳዩን ሰባት ወር ያህል አዘገዩት። በነሐሴ 1966 ሴኔቱ አጸደቀ። በኒው ዮርክ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተቀመጡ። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆኑ።

4. ወንበሩ ለምን የዕድሜ ልክ ሆነ?

እንዲህ ያለ ዳኛ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ዕድሜውን ሙሉ ይሠራል። ደመወዙም አይቀነስበትም። ይህ ለዳኛው ምቾት ተብሎ አይደለም፤ ለባለጉዳዩ ነው። እንጀራው በሹም እጅ ያለ ዳኛ በሹም ላይ ለመፍረድ ይፈራልና።

ዳኛው ቢሳሳትስ? ባለጉዳዩ ይግባኝ ይላል። ከባድ ጥፋት ቢሠራስ? የተወካዮች ምክር ቤት ይከሰዋል፤ ሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ካለው ከወንበሩ ይወርዳል።

5. የዳኛዋ ፈተና

በ1975 አንዲት ሴት ጠበቃ፣ ሴት በመሆኔ ተበድያለሁ ብላ የከሰሰችው ክስ ወይዘሮ ሞትሊ ፊት ነበር። የተከሳሾቹ ጠበቃ፣ ዳኛዋ ጥቁርና ሴት ስለሆኑ ለከሳሿ ያዳላሉ፤ ይነሡልን አለ።

እሳቸው አልነሣም አሉ። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ ዘርና ጾታ የሌለው ዳኛ የለም። በዚህ ምክንያት ዳኛ የሚነሣ ከሆነ ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ አይገኝም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወንድ ዳኛ ለወንድ ያዳላል ተብሎ ሲነሣ አይታይም እኮ! ዳኛ መነሣት ያለበት ጥቅሙ ወይም ዘመዱ በጉዳዩ ውስጥ ሲኖር ነው። መልኩና ጾታው ግን ማስረጃ አይሆኑም። ዳኛ የሚመዘነው ሁለቱን ወገን እኩል በመስማቱና ፍርዱን በማስረጃ በመስጠቱ ነው።

ወይዘሮ ሞትሊ በ1982 የዚያ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኑ። በ2005 እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ ዳኛ ነበሩ።

የቃላት ትርጉም

ማጨት፦ ለሹመት መምረጥ።
ሴኔት፦ ከአሜሪካ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ።
ይግባኝ፦ ፍርዱ በበላይ ፍርድ ቤት ይታይልኝ ማለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዳኛ ደመወዝ የማይቀነሰው ለማን ጥቅም ነው?
2. የተከሳሾቹ ጠበቃ ጥያቄ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ለምን?
3. የዳኛው ዘመድ ከባለጉዳዮቹ አንዱ ቢሆን ምን መደረግ አለበት?