ሁለት ጎረቤቶች በሩቅ ሜዳ

(በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጅቡቲ ከተማ ትልቁ ስታዲየም በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ በሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም ይጠራል። የጅቡቲ ብሔራዊ ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጀመሪያውን ድል የተቀዳጀው በዚህችው ከተማ ነው፤ በ2007 ሶማሊያን 1 ለ 0 አሸነፈ። በ2019 ደግሞ ኤስዋቲኒን 2 ለ 1 ረትቶ፣ በመልሱ ግጥሚያ ባዶ ለባዶ ተለያይቶ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ። ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላነሰ አገር ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። በ2020 ካሜሩናዊው አሌክሳንደር ሶንግ እንኳ፣ በአርሴናልና በባርሴሎና ከተጫወተ በኋላ፣ አርታ ሶላር 7 ለተባለው የጅቡቲ ክለብ ፈርሟል።

ይሁን እንጂ ስታዲየሙ የሚፈለገውን መስፈርት ባለማሟላቱ ብሔራዊው ቡድን «በሜዳዬ» የሚላቸውን ግጥሚያዎች በባዕድ አገር ለማካሄድ ተገደደ። በ2021 አልጄሪያን ያስተናገደው በካይሮ ነበር። የኢትዮጵያም ቡድን ዕጣ ከዚህ አልተለየም። ስለዚህም በመጋቢት ወር 2025 ጅቡቲና ኢትዮጵያ፣ በባቡር ሐዲድ የተሳሰሩት ጎረቤቶች፣ እርስ በርስ ለመጋጠም እስከ ሞሮኮ ተጓዙ። ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች። በመዝገብ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች።

ጥያቄዎች
1. «ባለሜዳ» የሚለው ቃል በምንባቡ መጨረሻ ምን ስሜት ይሰጣል?
2. «ተቀዳጀ» እና «ረታ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።