ያዕቆብ ማለት «አሰናካይ» ማለት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአንዳንድ ስብከት ላይ «ያዕቆብ ማለት አሰናካይ፣ አታላይ ማለት ነው» ሲባል እንሰማለን። ከመካከላችንም በዚህ ስም የተጠመቁ ወንድሞች ሲቀለድባቸው ይታያል። ነገሩን ከስሙ ሥር ጀምረን ብንመረምረው ግን እንዲህ ባጭሩ የሚቋጭ አይደለም።

በዕብራይስጥ «ዓቄብ» ተረከዝ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው ሕፃኑ የመንትያውን የዔሳውን ተረከዝ ይዞ ስለ ተወለደ ያዕቆብ ተባለ። ዕብራይስጥ ለሚሰማ ሰው ሁለቱ ቃላት ወዲያው ይገጥማሉ። በግዕዝ ግን ተረከዝ «ሰኰና» ስለሆነ ግጥሙ ለእኛ አይሰማንም።

ታዲያ «አሰናካይ» ከየት መጣ? ከዔሳው አፍ ነው (ዘፍ. 27፥36)። ከዚያው ሥር የሚወጣው ግስ ተረከዝ ይዞ መጣልን፣ ማሰናከልንም ያመለክታል። በትንቢተ ኤርምያስ 9፥4 ወንድም ወንድሙን እንደሚያሰናክል የተነገረውም በዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ ፍቺው ሐሰት ነው አንልም። ሆኖም በረከቱን የተነጠቀ ሰው በምሬት የፈታው ፍቺ ነው እንጂ ስሙ በወጣበት ዕለት የተነገረ አይደለም።

እዚህ ላይ ግዕዝ ይረዳናል። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ፣ ዐቃቤ ሰዓት የምንለው ከዚሁ ነው። ዐ፣ ቀ፣ በ፤ ፊደሎቹ የያዕቆብ ፊደላት ናቸው። ይህን የመሰለ ስም በጥንት ሴማውያን ዘንድ የተለመደ ነበር። በግብፅ በሒክሶስ ዘመን «ያዕቁብ-ሀር» የሚባል ገዢ እንደነበረ ስሙ የተቀረጸባቸው ማኅተሞች ይመሰክራሉ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ስሞች «አምላክ ይጠብቅ» ብለው ይተረጉሟቸዋል፤ ያዕቆብም «ያዕቆብ-ኤል» ከሚል ያጠረ ነው የሚሉ አሉ። እግዚአብሔር በቤቴል በሄደበት ሁሉ ሊጠብቀው ቃል ገብቶለት የለምን? (ዘፍ. 28፥15) እርግጥ በዚያ ሥፍራ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው «ሻማር» የሚለውን ሌላ ግስ ነውና ለማስረጃ አላቀርበውም።

«እስራኤል ሲባል የቀድሞው ስም ተሻረ» የሚል ቢኖር፣ ከአብራም ጋር ያስተያየው። አብራም አብርሃም ከተባለ ወዲህ በኦሪት ዘፍጥረት ተመልሶ አብራም አልተባለም። ያዕቆብ ግን እስራኤል ከተባለ በኋላም ያዕቆብ እየተባለ ይጠራል። በምዕራፍ 46 ቁጥር 2 እግዚአብሔር ለእስራኤል እንደተናገረ ይጻፍና፣ ወዲያው ሲጠራው ሁለት ጊዜ የሚጠራው በልጅነት ስሙ ነው። ለሙሴም በቍጥቋጦው ውስጥ ራሱን ሲገልጥ የያዕቆብ አምላክ ነኝ አለው።

በአገራችንም ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ። ትርጉሙ የያዕቆብ ዘር ነው። ወላጆቻቸው «የአታላይ ዘር» ለማለት አስበው ያወጡላቸው አይመስለኝም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።