የሪዝ ፊዚክስ፦ ከዓይናለም ውኃ እስከ ማር ሰም

ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለውን ጸጉር ሪዝ እንለዋለን። ሪዝን ማሳደግ፣ መከርከምና ቅርጽ ማስያዝ የጸጉር አስተካካዮች ሙያ እንጂ የፊዚክስ መምህራን ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት መስታወት ፊት ቆሞ «ጫፉ ለምን አይቆምልኝም?» ብሎ ሲያማርር፣ ሳያውቀው የሚጠይቀው ስለ አግዳሚ ምሰሶ መጉበጥ፣ ስለ ሃይድሮጅን ትስስር፣ ስለ አየር እርጥበትና በውኃ ውስጥ ስለሚሟሙ ማዕድናት ነው። መቀሌና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥያቄው ለየት ያለ መልስ አለው፤ አየሩም ውኃውም የራሳቸው ጠባይ አላቸውና።

በመጀመሪያ ዕድገቱን እንመልከት። የፊት ጸጉር በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። 0.35 ሚሊ ሜትሩን በአንድ ቀን ውስጥ ላሉት 86,400 ሰከንዶች ብናካፍለው በሰከንድ 4 ናኖ ሜትር ገደማ እናገኛለን። የጸጉር ዋነኛ ንጥረ ነገር ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ሞለኪዩሉም እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ሲሆን የአንዱ ጥምዝ ቁመት 0.54 ናኖ ሜትር ነው። እንግዲህ አንባቢው ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ በከንፈሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጸጉር በሰከንድ የሰባት ጥምዝ ያህል እየረዘመ ነው ማለት ነው። በወር ሲታሰብ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድን ሪዝ ጫፉን ለመጠምዘዝ የሚያበቃ ርዝመት ላይ ለማድረስ ወራት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን በዓይን ከመገመት ይልቅ መለካት የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኔቸር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው ያሳተመው አጭር ጽሑፍ በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ነው። ሰውዬው በአንድ ገለልተኛ ደሴት ላይ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ከኤሌክትሪክ መላጫው የሚራገፈውን የጺም ብናኝ በየቀኑ ይመዝን ነበር፤ ወደ ፍቅረኛው የሚመለስበት ቀን ሲቃረብም ክብደቱ ሲጨምር አስተዋለ። ምክንያቱ ሆርሞን ነው። ስሙን ለምን እንደ ሸሸገ ለመገመት የሚያስቸግር አይመስለንም።

ለስላሳውንና የማይታየውን የልጅነት ጸጉር ወደ ወፍራምና ጥቁር ጸጉር የሚለውጡት እነዚሁ የወንድነት ሆርሞኖች ናቸው። ለውጡ ግን በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ አይከሰትም። በዘር ውርስ ምክንያት የጸጉሩ ሥሮች ለሆርሞን የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል፤ በብዙ ወጣቶች ላይም የፊት ጸጉር እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽና ከዚያም በኋላ እየሞላ ይሄዳል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሪዙ ስለ ሳሳ ከመኝታ ክፍል ጓደኛው ጋር ራሱን ማነጻጸሩ ፍሬ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ እምነት አለ፤ «ደጋግመህ ተላጨው፣ ይበዛልሃል» የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚልድሬድ ትሮተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ አካል ተመራማሪ ይህን መርምረው መላጨት የጸጉርን ዕድገትም ሆነ ውፍረት እንደማይጨምር አሳይተዋል። ምላጭ የሚቆርጠው ሕይወት የሌለውን ክፍል ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ሥር መቆረጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ታዲያ ከተላጨ በኋላ የሚወጣው ጸጉር ሲዳሰስ የሚሻክረው ለምንድን ነው? መልሱን የሚሰጠን ባዮሎጂ ሳይሆን መካኒክስ ነው። ያልተቆረጠ ጸጉር ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን፣ የተላጨው ግን ጫፉ ደልደል ያለ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጫፉ የተያዘን ቀጭን ዘንግ በሌላው ጫፍ ገፍቶ ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ከርዝመቱ ኪዩብ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። የ10 ሚሊ ሜትር ጸጉር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ውፍረቱ ምንም ሳይጨምር፣ ለጣታችን 1,000 ጊዜ የጠነከረ ይሆናል። ጣት የሚነግረን ስለ ርዝመት ነው፤ እኛ የምንሰማው ግን ስለ ውፍረት ነው።

ይህ እምነት ተራ ስሕተት ሆኖ ቢቀር ባላሳሰበን ነበር። ሪዝ እንዲበዛ ሲባል ያለ ዕድሜ በየሁለት ቀኑ መላጨት፣ አንድ ምላጭ ለሁለትና ለሦስት ጓደኛሞች ማዳረስን ያስከትላል። ዓይን የማያየው የደም ጠብታ በምላጩ ላይ ይቀራል። በአገራችን በስፋት የሚገኘው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመተላለፍ ኃይሉን ጠብቆ ይቆያል። ምላጩን በውኃ አለቅልቆ ማስቀመጥ አይበቃም። በጸጉር ቤትም ቢሆን ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይን ማየት የደንበኛው መብት ነው፤ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ሆኖ መቆጠር የለበትም።

አሁን ወደ ቅርጽ እንምጣ። ስስ የእርሳስ መስመር የመሰለ ሪዝም ሆነ ከአገጭ ጺም ጋር የሚገናኘው ዓይነት አጭር በመሆናቸው የመሬት ስበት አያስጨንቃቸውም፤ የሚፈልጉት የሰላ መቀስ፣ ቶንዶስና የተረጋጋ እጅ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ሪዝ የሚከረከመው ደርቆ ሳለ ነው። እርጥብ ጸጉር ይረዝማል፣ ተኝቶም ይወርዳል፤ በእርጥቡ ከከንፈር ጋር ተስተካክሎ የተቆረጠው ሲደርቅ ከተፈለገው በላይ ያጥራል።

እውነተኛው ፈተና ያለው ጫፉ ወደ ጎን ተዘርግቶ ወደ ላይ በሚቆለመመው ረጅም ሪዝ ላይ ነው። አንድ ጸጉር 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት አግድም ቢዘረጋ በራሱ ክብደት ምን ያህል ይጎብጣል? የደረቀ ጸጉር የመለጠጥ ሞዱለስ 4 ጊጋ ፓስካል ገደማ፣ ጥግግቱም ከውኃ 1.3 ጊዜ የበለጠ መሆኑን ይዘን ብናሰላ፣ የ1 ሴንቲ ሜትሩ ጸጉር ጫፍ ዝቅ የሚለው 6 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ በዓይን አይታይም። ነገር ግን መጉበጡ የሚያድገው ከርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ 16 እጥፍ ይሆናል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 625 እጥፍ፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጸጉሩ በውኃ ሲርስ ደግሞ ሞዱለሱ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ያው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያዘቀዝቅ ይችላል። ለወራት ቀጥ ብሎ የቆየ ሪዝ በድንገት «የወደቀ» የሚመስለው በአራተኛው ርቢ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሰም ነው። ወርቁን ለባለ ቅኔዎች ትተን እኛ ጧፍ የሚሠራበትን የማር ሰም እንያዝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ፊዚክስም በዚህ ይስማማል፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል። መቶ ጸጉሮች ጎን ለጎን ቢሆኑም እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱ ከሆነ እያንዳንዱ የሚጎብጠው ብቻውን እንደሚጎብጠው ነው፤ ማበራቸው ለመጉበጥ ጉዳይ ምንም አልጠቀማቸውም። መንሸራተቱ በሰም ሲታገድ ግን መቶው እንደ አንድ ወፍራም ዘንግ ይሠራሉ። የአንድ ዘንግ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር፣ ክብደቱ ግን ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የተጣበቀው እቅፍ በራሱ ክብደት የሚጎብጠው የአንዱን ጸጉር አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ይሆናል። የሰሙ ክብደት ሲታሰብ ቁጥሩ ጥቂት ይለወጣል እንጂ መደምደሚያው አይለወጥም።

ቅቤ ለምን አይሆንም? ቅቤ ጸጉርን በማለስለስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ ከንፈር ላይ ባለው ሙቀት ይፈስሳል። የማር ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው። ሁለት እጅ የማር ሰም ከአንድ እጅ ቫዝሊን ጋር ቢቀላቀል በአውራ ጣት ሙቀት የሚለሰልስ፣ ከንፈር ላይ ግን የማይፈስስ ቅባት ይገኛል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሊቀጣጠል ይችላልና። ዕቃው በፈላ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ። በመቀሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው የቅርጽ መሣሪያ ራሱ ውኃው ነው። የኬራቲን ሞለኪዩሎች እርስ በርሳቸው ከሚያያዙባቸው መንገዶች አንዱ የሃይድሮጅን ትስስር ሲሆን፣ ውኃ ሲገባ ይህ ትስስር ይፈታል፤ ውኃው ሲወጣ ደግሞ ጸጉሩ በተገኘበት ቅርጽ ላይ እንደገና ይታሰራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ ወደ ላይ የተቆለመመ ሪዝ ፋሽን በነበረበት በጀርመን፣ ወንዶች ሪዛቸውን አርጥበው በጨርቅ ማሰሪያ ጠፍረው ያድሩ የነበረው በዚህ መርሕ ነው፤ ምንም እንኳ ስለ ሃይድሮጅን ትስስር የሚያውቅ በዚያን ጊዜ ባይኖርም። ያው መርሕ ሥራውን ያፈርሳል። እስከ በረካ ድረስ ሲኒ ላይ ያጎነበሰ ባለ ሪዝ፣ የቡናው እንፋሎት ትስስሩን ሲፈታበት ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሲባል ከአፉ ላይ ሪዝ የሚያሳርፍ ድልድይ ያለው ሲኒ ይሠራ ነበር።

በመቀሌ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለሆነ በማለዳ የተያዘ ቅርጽ ውሎ ያድራል። የዚህ ድርቀት ዕዳው ኤሌክትሮስታቲክ ነው፤ በፕላስቲክ ማበጠሪያ የተበጠረ ጸጉር ሙል ይይዝና ጸጉሮቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የእንጨት ሚዶ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያለ ሰም የሚቆም ረጅም ሪዝ አይኖርም።

የውኃውን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግነው ብዙዎች ስለማይጠረጥሩት ነው። ከመቀሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የዓይናለም የጉድጓድ ውኃ መስክ ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ ዋነኛ የውኃ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። ውኃው የሚመጣው ከኖራ ድንጋይና ከሸክላማ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ጠጣር ውኃ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በማረፍ ፋንታ በውኃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ዝቃጩ በጸጉሩ ቅርፊቶች መካከል ሲቀመጥ ሪዙ ይሻክራል፣ ይደበዝዛል፣ ሰምም በወጉ አይዘውም። ብዙ ወጣቶች «ጸጉሬ ደረቅ ነው» እያሉ ቅባት የሚጨምሩት ዝቃጩን ማጠብ ሲገባቸው ነው። ሻምፑ ከካልሲየም ጋር እንዲህ ያለ ዝቃጭ ስለማይሠራ ከሳሙና ይመረጣል። ሳሙና ብቻ ካለ ደግሞ በብዙ ውኃ የቀጠነ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ዝቃጩን ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ማለቅለቅ ነው። በክረምት ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በአረፋው ወዲያው ይታወቃል።

ለሙከራ ወዳጆች አንድ ነገር እንተው። ጸጉር ከፍጹም ደረቅ አየር ወደ ፍጹም እርጥብ አየር ሲገባ ርዝመቱ 2.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጄኔቫው ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የጸጉር እርጥበት መለኪያ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህ ሪዝ ያጥራልና ከእኅት ወይም ከጓደኛ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የራስ ጸጉር መለመን ይሻላል። ጸጉሩ በአልኮል ተጠርጎ ወዙ ይለቅቅ፤ አንድ ጫፉ ከሳንቃ ላይ በሚስማር ይታሰር፤ ሌላው ጫፉ በሚስማር ላይ የምትዞር ቀላል የስንደዶ ጠቋሚን ከመዞሪያዋ 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይያዝ። የጠቋሚዋ ረጅም ክንድ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አሥር ሆኖ ይነበባል። በየካቲት ቀትር ላይ አንድ ምልክት፣ በነሐሴ ዝናብ ላይ ሌላ ምልክት ይደረግ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሆናል።