ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት

ባለፈው ትምህርት አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንዱ ድርጊት ለሌላው ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳ ድርሰት ትማራላችሁ። ሁለቱ ተመሳስለው እንዳያሳስቷችሁ ተጠንቀቁ፤ መቅደም ሌላ፣ ምክንያት መሆን ሌላ ነው። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ዶሮ ስለ ጮኸ ግን አይነጋም። ይህን ልዩነት በአእምሯችሁ ይዛችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

የሕዋስ ክፍፍል በምን ይታዘዛል?

የሰውም ሆነ የእንስሳ ሕይወት የሚጀምረው ከአንድ ሕዋስ ነው። የወንዱ ዘር ከእንቁላሉ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ይህ ሕዋስ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እየተከፈሉ ፅንሱን ይሠራሉ። ዜኖፐስ በምትባለው የአፍሪካ እንቁራሪት የመጀመሪያው ክፍፍል 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቀጥለው የሚመጡት ግን በየ30 ደቂቃው ገደማ ይከተላሉ። ከ12 ክፍፍል በኋላ አንዱ ሕዋስ 4,096 ሕዋሳት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፅንሱ በመጠን አያድግም፤ ሕዋሳቱ በበዙ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ። ታዲያ እነዚህን ሕዋሳት ሁሉ ጊዜያቸውን ጠብቀው በአንድነት እንዲከፈሉ የሚያዛቸው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፍንጭ በ1971 እ.ኤ.አ. ታየ። ዮሺዮ ማሱዊና ክሌመንት ማርከርት የተባሉ ተመራማሪዎች በሆርሞን አማካይነት ከጎለመሰ የእንቁራሪት እንቁላል ጥቂት ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ቀድተው ገና ወዳልጎለመሰ እንቁላል አስገቡ። ይህም እንቁላል ሆርሞኑን ሳያገኝ ጎለመሰ። ከዚህ የተነሣ በፈሳሹ ውስጥ ሕዋስን ወደ ክፍፍል የሚገፋ አንድ ነገር መኖሩ ታወቀ፤ ምንነቱ ግን ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ቆየ።

በ1982 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ቲም ሀንት የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሕይወት ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። የመረጠው እንስሳ ሰውነቱ እንደ ጃርት በእሾህ የተሸፈነውን የባሕር ጃርት ነበር። ሀንት ዘር ለተቀበሉት እንቁላሎች ጨረር የሚሰጥ አሚኖ አሲድ ሰጣቸው። አዲስ የተሠሩት ፕሮቲኖች ጨረሩን ስለሚሸከሙ በፊልም ላይ እንደ ጥቁር መስመር ይታያሉ። በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰደ ሲያነጻጽር አብዛኞቹ መስመሮች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠቆሩ ሄዱ። አንዱ ግን ከጠቆረ በኋላ ሕዋሱ ሊከፈል ጥቂት ሲቀረው ደበዘዘ፤ ከክፍፍሉም በኋላ እንደገና ብቅ አለ። ሀንትና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ሲያሳትሙ ፕሮቲኑን «ሳይክሊን» አሉት፤ የስሙ ሥር ክበብ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ የፕሮቲኑ መጥፋትና የሕዋሱ መከፈል ተከታትለው መታየታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የተገኘው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። አንድሪው መሬይና ማርክ ኪርሽነር የእንቁራሪት እንቁላሎችን ፈሳሽ በብልቃጥ አጠራቅመው ለፕሮቲን መሥሪያ የሚያገለግለውን የመልእክት አር ኤን ኤ በሙሉ አጠፉ። አዲስ ፕሮቲን መሠራቱ በመቋረጡ የክፍፍሉ ዑደት ቆመ። ከዚያም የባሕር ጃርትን የሳይክሊን መልእክት ብቻ ሲጨምሩበት ዑደቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሊፈርስ የማይችል ሳይክሊን ጨመሩ፤ ፈሳሹ ወደ ክፍፍል ገባ፣ መውጣት ግን ተሳነው። እንግዲህ ሳይክሊን ስለ ተከማቸ ሕዋሱ ወደ ክፍፍል ይገባል፤ ስለ ፈረሰም ከክፍፍል ይወጣል።

ሳይክሊን ግን ብቻውን አይሠራም። ካይኔዝ ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ያነቃዋል፤ የነቃውም ካይኔዝ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየጨመረ ሕዋሱን ለክፍፍል ያዘጋጃል። ሊላንድ ሀርትዌል በዳቦ እርሾ፣ ፖል ነርስ ደግሞ ለሁለት በሚሰነጠቅ ሌላ የእርሾ ዓይነት ላይ ባደረጉት ምርምር ክፍፍልን የሚቈጣጠሩትን ዘረ መሎች አገኙ። የነርስ እርሾ ስሙ «ፖምቤ» ነው፤ በመጀመሪያ የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ የእህል ጠላ ስለ ሆነ ይህን የስዋሂሊ ቃል ስም አድርገው ሰጡት። ማሱዊ የጠረጠረው ነገርም የሳይክሊንና የካይኔዝ ጥምረት ሆኖ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. ሀርትዌል፣ ሀንትና ነርስ የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ነገር የባሕር ጃርትና የእንቁራሪት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሴት ልጅ እንቁላሎች ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ክፍፍል ይጀምሩና ሳይፈጽሙ ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰው እንቁላል ጥቂት ተራምዶ እንደገና ይቆማል፤ ሳይክሊን እንዳይፈርስ የሚጠብቅ ሌላ ፕሮቲን ስላለ ነው። የወንዱ ዘር ሲገባ በእንቁላሉ ውስጥ ካልሲየም ይነሣል፤ ጠባቂው ይጠፋል፣ ሳይክሊንም ይፈርሳል፣ እንቁላሉም ክፍፍሉን ይፈጽማል።

በዚህ ረጅም ጉዞ ክሮሞሶሞች አንዳንድ ጊዜ እኩል ሳይከፈሉ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ፅንሶች ይጨነግፋሉ፤ 21ኛው ክሮሞሶም አንድ ተጨማሪ ሲሆን ደግሞ ሕፃኑ ዳውን ሲንድሮም ይኖረዋል። ሰው ምክንያቱን ባላወቀ ጊዜ ከመከራው በፊት የሆነውን ሁሉ ምክንያት ያደርጋል፤ «እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ እንዲህ ስላደረገች ነው» ይላል። ስሕተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ፅንሱ ሳይጀመር፣ እንቁላሉ ሲከፈል የደረሰ ነው። ያለ ቦታው የገባ አንድ «ስለ» ንጹሕ ሰው ያስወቅሳል።

ለ. የምንባቡ አቀራረብ

ምንባቡ በጥያቄ እንደ ተነሣ አስተውሉ። ከዚያ የታየው ነገር ተነገረ፤ ቀጥሎም የታየው ብቻ እንደማይበቃ ተገለጠ፤ በመጨረሻ ማረጋገጫው ቀረበ። ማረጋገጫውም ሁለት ገጽ አለው፤ ምክንያት የተባለው ነገር ሲጨመር ውጤቱ መጣ፣ እንዳይፈርስ ሲደረግ ደግሞ ውጤቱ ተለወጠ። ምክንያትን የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ ይህን አካሄድ ተከተሉ።

ሐ. ሰዋስው፦ ጊዜንና ምክንያትን የሚያመለክቱ ቃላት

1. ጊዜን የሚያመለክቱ፦ ከ… በኋላ፣ ከ… በፊት፣ በ… ጊዜ፣ «ሲ»።
ምሳሌ፦ ፕሮቲኑ ከደበዘዘ በኋላ ሕዋሱ ተከፈለ።

2. ምክንያትን የሚያመለክቱ፦ ስለ፣ በመ…፣ ከ… የተነሣ፣ ምክንያቱም።
ምሳሌ፦ አዲስ ፕሮቲን መሠራቱ በመቋረጡ ዑደቱ ቆመ።

3. ቦዝ አንቀጽ ጊዜንም ምክንያትንም ሊሸከም ይችላል። «ሳይክሊን ፈርሶ ሕዋሱ ከክፍፍል ወጣ» ብትሉ አንባቢው «ከፈረሰ በኋላ» ወይም «ስለ ፈረሰ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ማስረዳት የምትፈልጉ ከሆነ ቦዙን ትታችሁ ምክንያትን በግልጥ የሚያመለክተውን ቃል ተጠቀሙ። ማስረጃ ከሌላችሁ ግን «በኋላ» በሚለው ቃል ተወሰኑ።

መ. መልመጃ 1

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የእንቁራሪት ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች ጊዜ የማያድግ ከሆነ ሕዋሳቱ ምን ይሆናሉ?
2. ሀንት በ1982 እ.ኤ.አ. ያየው ነገር ብቻውን ማስረጃ ያልሆነው ለምንድን ነው?
3. የማይፈርስ ሳይክሊን በተጨመረ ጊዜ ምን ሆነ? ከዚህስ ምን እንረዳለን?
4. «ያለ ቦታው የገባ አንድ ‹ስለ› ንጹሕ ሰው ያስወቅሳል» የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ ምሳሌ አብራሩ።

መልመጃ 2

ከዚህ በታች ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ጊዜን ብቻ የሚያመለክቱትን፣ ምክንያትን የሚያመለክቱትንና ሁለቱንም ሊያመለክቱ የሚችሉትን ለዩ።

1. የወንዱ ዘር ከገባ በኋላ ካልሲየሙ ተነሣ።
2. ጠባቂው ፕሮቲን በመጥፋቱ ሳይክሊን ፈረሰ።
3. ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞላ።
4. ጎረቤታችን ቤት በገባ በሳምንቱ ላማችን ታመመች።

አራተኛውን ዓረፍተ ነገር «ስለ» በሚለው ቃል ለውጣችሁ ጻፉትና ትርጉሙ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።

ሠ. ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ በአራት አንቀጽ ጻፉ።

1. እርሾ የተጨመረበት ሊጥ ኩፍ የሚለው ለምንድን ነው?
2. የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ወባ የሚበዛው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን አንሡ፤ በሁለተኛው ሰው ሁሉ የሚያየውን ግለጹ፤ በሦስተኛው ምክንያቱን ከነማረጋገጫው አስረዱ፤ በአራተኛው ይህን ማወቅ ለሰው የሚሰጠውን ጥቅም ተናገሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን «ስለ» አስምሩበትና «ይህን በምን ዐወቅሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ያላገኛችሁለትን «ስለ» ሰርዙት።