የሹም ሚዛን

በሰው ላይ የተሾመ ሁሉ፥ አለቃም በደብሩ፥ ሹምም በመሥሪያ ቤቱ፥ በየዕለቱ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ መሆኑን ሊያስተውል ይገባዋል። ወደ ምሕረት ብቻ ቢያጋድል ሥራው ይፈርሳል፤ ወደ ቅጣት ብቻ ቢያጋድል ሰው ይጠፋበታል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነንን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንመልከት።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አማንያን፥ ባልቴቶቻቸው በዕለቱ ምግብ እደላ ስለ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ግን ማጉረምረሙን እንደ ድፍረት ቈጥረው አልገሠጹም፤ ጸሎትንና ስብከትን ትተውም ወደ ማዕድ አገልግሎት አልዞሩም። መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፤ በተመረጡትም ላይ ጸልየው እጃቸውን ጫኑ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ተበደልሁ ያለው ወገን በእደላው ላይ መታመኑን የሚያመለክት ይመስላልና።

ሮብዓም ደግሞ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፥ ሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጥቶ ከሽማግሌዎችም ከአብሮ አደጎቹም ምክር ጠየቀ። መጠየቁ መልካም ነበረ፤ ጥፋቱ ልቡ የወደደውን ብቻ መስማቱ ነው። ስለዚህም ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ።

እኛም ይህን እያስተማርን ስተናል። በአንድ ደብር በአስተዳዳሪነት ስናገለግል፥ አንድ የክብረ በዓል ጥላ ጐድሏል ተብሎ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ተከሰሰ። የከሳሹን ቃል ብቻ ሰምተን በዚያው ምሽት ከሥራው አገድነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥላው ለአጎራባች ቤተ ክርስቲያን በውሰት የተሰጠበት ደብዳቤ ተገኘ፤ በላዩ ያለውም ፊርማ የገዛ ራሳችን ነበረ። በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቀን ወደ ሥራው መለስነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ፊታችንን አላየም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። በመጀመሪያ ከሳሽንም ተከሳሽንም ሳይሰሙ አለመፍረድ፤ ሁለተኛ በቍጣ ሰዓት የታሰበውን ቢያንስ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ ሦስተኛ ብቻን አለመወሰን። በ1965 ዓ.ም. የታወጀው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበትን ሰበካ ጉባኤ ያቋቋመው አስተዳዳሪውን ለማሳነስ ሳይሆን ሸክሙን ለመካፈል ነው። በመጨረሻም የተሳሳተውን ፍርድ በግልጥ መሻር፤ ሹም ስሕተቱን በማመኑ አይዋረድም፤ በመሸፈኑ ግን በበደል ላይ በደል ይጨምራል።

ልዑል እግዚአብሔር ለተሾሙት ሁሉ ማስተዋልን፥ ለተመሪዎችም ትዕግሥትን ያድልልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።