ቡናማው ቀለም የሚያውቀው

በቀዶ ሕክምና የወጣ የኩላሊት ዕጢ ላቦራቶሪ ሲደርስ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ቀጥሎ ውኃው ተመጦ ይወጣና በቦታው ፓራፊን ሰም ይገባል። ሰሙ ሲጠጥር በስለት ይሸረከታል። አንዱ ሽርካች፣ አንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ አራት ወይም አምስት እጁን ያህል ብቻ ይወፍራል። ይህ ስላይድ ላይ ተዘርግቶ ቀለም ሲነካ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያየው ውስጣቸው ባዶ የሚመስል፣ እንደ መስታወት የጠሩ ሕዋሶችን ነው። ባዶ ግን አልነበሩም። በስብና በግላይኮጅን የታጨቁ ነበሩ፤ በዝግጅቱ ጊዜ ሟሙቶ ወጣ እንጂ። ከአራት የኩላሊት ካንሰሮች ሦስቱ ያህል እንዲህ ዓይነት ናቸው፤ «ጥርት ሕዋስ» ልንላቸው እንችላለን።

ታማሚው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ይመለስብኛል ወይ?» መጠናቸው እኩል የሆነ ዕጢ ከወጣላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ዕድሜ ጠግቦ ሲኖር፣ የሌላው በሽታ በሁለት ዓመት ውስጥ ሳንባው ላይ ብቅ ሊል ይችላል። አሜሪካ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ አራት ነገሮችን ይደምራል፦ በሽታው የደረሰበትን ደረጃ፣ የዕጢውን መጠን፣ ከ1 እስከ 4 የሚሰጠውን የሕዋሶቹን የክፋት እርከን፣ እና በዕጢው ውስጥ የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩን። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ተመራማሪዎች ግን ከዚህ አልፈው፣ የዕጢው ፕሮቲኖች ራሳቸው መጪውን ይነግሩን ይሆን ብለው ጠየቁ።

ፕሮቲንን በስላይድ ላይ ማየት የሚቻለው በፀረ እንግዳ አካል ነው። አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ሽርካቹ ላይ ይንጠባጠባል፤ የተጣበቀበት ቦታ በኬሚካል ቡናማ ይሆናል፤ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ፓቶሎጂስቱ ከመቶ ሕዋስ ስንቱ ቡናማ እንደሆነ ይገምታል። አዎ፣ በዓይን ይገምታል።

ለዚህ ጥርት ሕዋስ ካንሰር በጣም የተወራለት ፕሮቲን ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9፣ በአጭሩ ሲ.ኤ.9 ነው። በጤነኛ ኩላሊት ውስጥ አይገኝም። ከየት መጣ? ጤነኛ ሕዋስ ቪ.ኤች.ኤል. የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ሥራውም ኦክስጅን በበቂ ሲኖር «ሂፍ» የተባለውን የማንቂያ ፕሮቲን ለቅሞ ማስወገድ ነው። በአብዛኛው ጥርት ሕዋስ ካንሰር ውስጥ የቪ.ኤች.ኤል. ዘረ-መል ተበላሽቷል። ለቃሚው ስለጠፋ ሂፍ ይከማቻል፤ ሕዋሱ ኦክስጅን ሞልቶለት እያለ የታፈነ ይመስለዋል። ስለዚህ አዲስ የደም ሥር ጥሩልኝ ይላል፣ ከአሲድ የሚከላከልለትን ሲ.ኤ.9ንም ያመርታል። ሕዋስ ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቅ የገለጡት ኬይሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት በዚህ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ከካንሰሩ መነሻ ጋር የተሳሰረ ፕሮቲን ሲበዛ በሽታው ይከፋል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2003 የሎስ አንጀለሱ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተመራማሪዎች፣ በተሰራጨ በሽታ ላይ ከ85 በመቶ በላይ ሕዋሳቸው ቡናማ የሆነላቸው ታማሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ መኖራቸውን አሳተሙ። የሚታመነው ማብራሪያ ዕጢው እየከፋ ሲሄድ ከመነሻ ባሕርዩ ይርቃል፣ ፕሮቲኑንም ይጥላል የሚል ነው። ጽሑፉ ሲ.ኤ.9 በራሱ የቆመ ተንባይ ነው አለ። በ2007 ደግሞ ማዮ ክሊኒክ በ730 ታማሚዎች ዕጢ ላይ ይኸንኑ የ85 በመቶ መስመር ሞከረና፣ በርዕሱ ጭምር፣ በራሱ የቆመ ተንባይ አይደለም ብሎ መለሰ።

ማን ተሳሳተ? የማዮ ሰዎችም ቡናማው ሲያንስ ሞት እንደሚበዛ አይተዋል። ነገር ግን የሕዋሶቹ የክፋት እርከንና የሞተው ሥጋ አብረው ሲቆጠሩ የቀለሙ ጉልበት ጠፋ። ሁለት ምስክሮች ችሎት ቆመው ሁለቱም ከአንድ ሰው የሰሙትን ቢናገሩ፣ ዳኛው ሁለት ማስረጃ አለኝ አይልም። ሲ.ኤ.9 ውሸታም ምስክር አልነበረም፤ የክፋት እርከኑ አስቀድሞ የተናገረውን የሚደግም ነበር። እኔ በበኩሌ «አዲስ የካንሰር ጠቋሚ ተገኘ» የሚል ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው፣ ጠቋሚው ከእርከንና ከደረጃ በላይ ምን ጨመረ የሚለውን ነው።

ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። ኪ-67፣ ስሙን ከጀርመኗ ኪል ከተማ ያገኘው፣ ስንት ሕዋስ በመባዛት ላይ እንዳለ ያሳያል። ባፕ-1 ደግሞ በመጥፋቱ ይናገራል፤ ከሕዋሱ አስኳል ውስጥ ቡናማው ሲጠፋ በሽታው ብርቱ የመሆኑ ምልክት ነው። ፒ.ዲ.-ኤል.1ም ከክፉ ውጤት ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን መድኃኒቶች አጣምሮ ለኩላሊት ካንሰር ለማዘዝ የዚህ ፕሮቲን ምርመራ ግዴታ አይደለም፤ መድኃኒቶቹ ያለ ምልክቱም ይሠራሉና። በዚያ ላይ አንድ የኩላሊት ዕጢ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአንዱ ጥግ የተቆረጠው ቡናማ ሲሆን ከሌላው የተቆረጠው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ሲ.ኤ.9 ግን ሥራ አልፈታም። የሚጣበቅበትን ፀረ እንግዳ አካል ጨረር ከሚሰጥ ዚርኮኒየም ጋር አያይዘው በደም ሥር ሲሰጡት፣ ኩላሊት ላይ የታየ እብጠት ጥርት ሕዋስ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ሳይቆረጥ በምስል ይለያል፤ በ2024 በታተመ ጥናት ከካንሰሮቹ 85 በመቶ ያህሉን አግኝቷል። ተንባይነቱ ቢቀር ጠቋሚነቱ ተረፈ።

የፓቶሎጂ ወረቀትዎ ላይ «ሲ.ኤ.9 ፖዘቲቭ» የሚል ካዩ የነገረዎት የዕጢውን ዓይነት ነው፤ ቀሪ ዕድሜዎን አይደለም። ሐኪምዎን የሚጠይቁት፦ ደረጃው ስንት ነው? የክፋት እርከኑስ? የሞተ ሥጋ ታይቶበታል?