የዩኒቨርስቲ ስምና የቡና ገንዘብ

በዚህ ዕትም የምንነጋገርበት ጉዳይ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተሰማ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣው ክርክር ነው። ልጁ «አዲስ አበባ ካልሆነ» ይላል፤ አባት ዝም ይላሉ፤ እናት ወጪውን በልባቸው ይቆጥራሉ። እኛም የዚሁ አገር ልጆች ሆነን በዩኒቨርስቲ የምንገኝ ስለሆንን ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ «ነጻ ትምህርት» የሚባለውን እንመልከት። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የገባ ተማሪ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይኸውም ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ እንዲሁም የምግብና የመኝታውን ሒሳብ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየከፈለ ይጨርሳል ማለት ነው። በመምህርነት የሚያገለግል በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎቱ ይከፍላል። ይህ ውል በአዲስ አበባም ሆነ በሚዛን የሚፈረም ስለሆነ ወላጅን ዛሬ የሚያስጨንቀው እርሱ አይደለም። የሚያስጨንቀው በውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው፤ የመሳፈሪያው፣ የብርድ ልብሱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የኪስ ገንዘቡ።

በእኛ አገር ደግሞ ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቡና ሲለቀም ነው። የዩኒቨርስቲ ጥሪ ቡናን ጠብቆ አይወጣም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤተሰብ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ከነጋዴ ይበደርና ሲለቀም በነጋዴው ዋጋ ያስረክባል። ይህ ኪሳራ በማንም ደረሰኝ ላይ አይታይም! ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢታሰብ፣ መንገድ ላይ የሚበላው ሳይቆጠር፣ የብዙ ኪሎ ቡና ዋጋ ይሆናል።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ በ1999 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት ምርጫም አልነበረም፤ ቅርብ የሚባለው ጅማ ነበር። ዛሬ ግን እርሻና ሕግ ሚዛን ላይ፣ ምህንድስና ቴፒ ላይ ይገኛል። ሆኖም «የቤት ልጅ ዩኒቨርስቲ» እያሉ የሚንቁ አሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው አንድ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ካላገኘ አይመረቅም። ፈተናው የግቢውን ስም አይጠይቅም።

ይህን ስንል ስም ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው የአዲስ አበባው ተቋም የብዙ ዘመን ቤተ መጻሕፍትና መምህራን አሉት፤ የሚፈለገው ትምህርት በቅርብ ከሌለ መሄድ ይገባል። ከመካከላችንም አንዳንዶቹ፣ በዋና ከተማ የሚገኘው ትውውቅ ብቻውን ለሥራ ይጠቅማል ብለው ይከራከሩናል። ምናልባት እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን ትውውቁን የሚያገኘው የምሳ ገንዘብ ያለው ነው።

አብልጠን የምንፈራው ሌላውን ነው። የመንግሥት ምደባ ያላገኘ ልጅ፣ ወይም በምደባው ያፈረ፣ በአዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ካልገባሁ ይላል። እዚያ ምግብና መኝታ የለም፤ ክፍያውም ተመርቆ ሳይሆን በየወሩ ወይም በየመንፈቁ ነው። ደግሞም የኮሌጁ ስም ብቻ አይበቃም፤ የሚማርበት ግቢና የሚማረው ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያገኘ መሆኑ ገንዘብ ሳይከፈል በፊት መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ከቡናው መሬት ቁራጭ ሲሸጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት ለቀማ ያንሳል። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ብዙውን ጊዜ 9ኛ ክፍል የደረሰችው ታናሽ እኅት ናት፤ ማንም አላማከራትም። እንግዲህ በዚህ ዓመት የምርጫ ቅጽ የምትሞሉ ወንድሞች፣ ከአባትና ከእናት ጋር ወረቀት ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ የእርስዋንም የደብተርና የዩኒፎርም ሒሳብ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።